አንድ ጨረቃ ለአራት ልጆች

የዛሬው ውይይታችን መነሻ በአሜሪካ ከሚኖሩ እናቶች በተደጋጋሚ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው። «ልጆቼን የማስተምረው እቤት ነው። አራት ናቸው፤ የአምስት፣ የስምንት፣ የአስራ አንድና የአስራ አራት ዓመት። ለአራቱ አራት ዓይነት ትምህርት ሳዘጋጅ ቀኑ ያልቃል። እስከ መቼ እዘልቀዋለሁ?» የሚል ነው።

ጉዳዩ ለአገር ቤት አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ ልጅን ትምህርት ቤት ሳይልኩ እቤት ማስተማር ከ1993 /እ.ኤ.አ./ ጀምሮ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ ነው። ሕጉ ግን እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ የሚያስተምራቸውን የትምህርት ዓይነቶች ዘርዝሮ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ያሳውቃል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ እስከ ሚቀጥለው ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። በጎረቤቷ ሜሪላንድ የልጁ ሥራ የተሰበሰበበት ፋይል እየታየ ይገመገማል። በአንጻሩ በጀርመን እቤት ማስተማር አይፈቀድም፤ ስዊድንም ከ2011 /እ.ኤ.አ./ ወዲህ በጣም ልዩ ለሆነ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር አትፈቅድም። እዚያ የምትኖሩ እህቶችና አገር ቤት ያላችሁ ወላጆች ከዚህ በታች ያለውን ለቅዳሜና እሁድ ወይም ለክረምት ዕረፍት አድርጋችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። አራት ልጅ በቀን አምስት አምስት ትምህርት ቢማር ሃያ ክፍለ ጊዜ ነው። በቀን ሃያ ክፍለ ጊዜ እያስተማረ፣ ምሳ እያበሰለ፣ ልብስ እያጠበ የሚውል መምህር በየትኛውም ትምህርት ቤት አይገኝም። እናቲቱ የደከመችው ሰንፋ ሳይሆን ትምህርት ቤቱን እንዳለ ወደ ሳሎኗ ለማስገባት ስለሞከረች ነው። ልጆችን በዕድሜ ለያይቶ፣ በር ዘግቶ ማስተማር ለትምህርት ቤት ይመቻል፤ ብዙ ክፍልና ብዙ መምህር አለውና። አንድ ክፍልና አንድ መምህር ላለው ቤት ግን አይሆንም።

በመድረሳ ላለፍን ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በወሎ የቂርኣት ቦታዎች ሸኹ ዘንድ የሚቀመጡት ደረሶች እኩያሞች አልነበሩም። ጺሙን ያቀመቀመውም ገና ፊደል የሚቆጥረውም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ። አንዱ ኪታቡን ሲያስኬድ ሌላው ጆሮውን ሰጥቶ ይሰማል፤ የተሻለው ጀማሪውን ያስቀጥላል። ከዚያ ወጥተን አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ እኩያ ሆነን በተቀመጥንበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ ሌላ ጥቅም አገኘን፤ ሒሳብና ሳይንስ ደረጃ በደረጃ፣ በሥርዓት ተሰጠን። ብዙ ልጅ ያላት እናት ከሁለቱም ትበደር እላለሁ። ደረጃ የሚፈልገውን ለየብቻ፣ የቀረውን አብሮ።

አሜሪካኖቹ ይህን አብሮ የማስተማር ዘዴ «ዩኒት ስተዲ» ይሉታል። አንድ ርዕስ ይመረጣል፤ ልጆቹ ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት እሱኑ ያጠናሉ፤ ሳይንሱ፣ ታሪኩ፣ ጂኦግራፊው፣ ጽሕፈቱ ከዚያው ይወጣል። የሚለያየው የእያንዳንዱ ልጅ የሥራ ድርሻ ብቻ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ርዕሱ ጣፋጭ ሲሆን ሁሉን ነገር በእሱ ውስጥ ለማስገባት ይሞከራል። ሒሳብ የራሱ መሰላል አለው፤ የስምንት ዓመቱ ልጅ ማባዛትን፣ የአስራ አንዱ ክፍልፋይን የሚማረው ተራው ሲደርስ እንጂ የወሩ ርዕስ ሲፈቅድ አይደለም። የትንሹ ፊደል መቁጠርም እንዲሁ ነው። የቁርኣን ሒፍዝም እንዲሁ ነው። እነዚህ በየቀኑ ጧት፣ ለየልጁ ሠላሳ አርባ ደቂቃ ይሰጣቸው፤ ከርዕሱ ጋር አይደባለቁ። የጋራው ጥናት ከዙሁር በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ በሳምንት አራት ቀን ቢሆን ይበቃል። ልጆችን እንደ ጨረቃ በሳሎን ዙሪያ እያሽከረከሩ «ስፖርት ተሠራ» ብሎ መመዝገብ ግን ራስንም ልጆቹንም ማታለል ነው። ውጭ ወጥተው ኳስ ይጫወቱ።

ርዕስ ሲመረጥ የተወሰነ ይሁን። «ጠፈር» ሰፊ ነው፤ «እንስሳት» ከዚያም ይብሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ጨረቃን ነው። ምክንያቱም ጥናቱ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ እናቲቱ አትወስንም፤ ወሩ ራሱ ይወስነዋል። ዕቃ አይገዛለትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በውጭ የሚያድጉ ልጆቻችን በሦስት የዘመን አቆጣጠር መሐል ነው የሚኖሩት። ልደታቸው በፈረንጆች፣ ጾማቸውና ዒዳቸው በሂጅራ፣ ከአያታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ የሚሰሙት መስከረምና ጥቅምት ደግሞ በኢትዮጵያ። ሦስቱ እንዴት እንደሚገናኙ ያስረዳቸው ሰው ብዙ ጊዜ የለም።

በረመዳን እንዳይጀመር እመክራለሁ። እናት በረመዳን ሌላ ሥራ አለባት። በሰኔና በሐምሌም አይሁን፤ በቨርጂኒያ በዚያን ጊዜ ፀሐይ የምትጠልቀው በእነርሱ ሰዓት ወደ 8 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ እስከዚያ አያመሽም። ምሽቱ ቀድሞ በሚመጣበት በጥቅምት ወይም በኅዳር አካባቢ የሚገባ የሂጅራ ወር ይመረጥ።

ሥራው የሚጀምረው ያለፈው ወር 29ኛ ቀን ሲመሽ ነው። ቤተሰቡ መግሪብ ላይ ምዕራቡ ወደሚታይበት ቦታ ወጥቶ ሂላል ይፈልጋል። ካልታየ በማግሥቱ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ የታየውን መሳል ነው። ብዙ ቤተሰብ ጀምሮ የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው፤ ጨረቃን ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይፈልጓትና ያጧታል። በመጀመሪያው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ በምዕራብ በኩል ትገኛለች። ወደ ሰባተኛው ቀን ግማሽ ሆና መግሪብ ላይ በደቡብ በኩል ከፍ ብላ ትታያለች። ወደ አስራ አራተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ እሷ በምሥራቅ ትወጣለች፤ ሙሉ ናት። ከዚያ በኋላ የመውጫ ሰዓቷ በየቀኑ በአማካይ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ ሲመሽ አትገኝም። ጧት ነው መፈለግ ያለባት። በሃያ ሁለተኛው ቀን አካባቢ ጎህ ሲቀድ በደቡብ፣ በሃያ ሰባተኛው ደግሞ ቀጭን ሆና ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት በምሥራቅ ትታያለች። ስለዚህ የወሩ የመጀመሪያ አጋማሽ የእናት፣ ሁለተኛው አጋማሽ የአባት ይሁን። ማታ ታክሲ ሲነዳ ወይም ፈረቃ ሲሠራ የሚያመሽ አባት ከልጆቹ ትምህርት ውጭ ሆኖ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ስለማይገጥም ነው። ከፈጅር ሶላት በኋላ አሥር ደቂቃ ከልጆቹ ጋር በረንዳ ላይ መቆም ግን ይችላል።

ደመና ሲሆን የዚያ ቀን ቦታ ባዶ ይተው። ልጆች ክፍተት አይወዱም፤ «ትናንት እንዲህ ነበረች፣ ነገ እንዲህ ትሆናለች» ብለው ሊሞሉት ይፈልጋሉ። አይፈቀድላቸው። የታየና የተገመተ የተለያየ መሆኑን የሚማሩት እዚህች ባዶ ክብ ላይ ነው፤ በሂላል ጉዳይም ምስክርነት ማለት ምን እንደሆነ በዚሁ ይገባቸዋል።

አሁን የሥራ ክፍፍሉን እንይ። የአምስት ዓመቱ ልጅ ክብ ወረቀት ላይ የታየውን ክፍል በቢጫ ያቀልማል፤ ክቦቹን በግድግዳ ላይ በተርታ ይለጥፋል፤ ይቆጥራቸዋል። እናቱ ቂጣ ስትጋግር እንደ ዕለቱ ጨረቃ አድርጋ ብትቆርጥለት ይደሰታል። ለእሱ ይኸው ይበቃል። የስምንት ዓመቱ በየቀኑ ሦስቱን ቀኖች ጎን ለጎን ይጽፋል፤ የሂጅራውን፣ የኢትዮጵያውን፣ የፈረንጆቹን። ከሥሩ ስላየው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ አንድ በእንግሊዝኛ ያክላል። ወር ሙሉ በየቀኑ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ልጅ ለአያቱ ደብዳቤ ለመጻፍ አይቸገርም።

የአስራ አንድ ዓመቷ ትለካለች። ክንድ ተዘርግቶ የተጨበጠ እጅ ከሰማይ ላይ አሥር ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ጨረቃ ከአድማስ ስንት ጭብጥ ከፍ እንዳለች፣ ከፀሐይ መጥለቂያ ስንት ጭብጥ እንደራቀች በየምሽቱ ትመዝግብ። ከዚያ በአንድ ምሽት ሳሎኑ ይጨልም፤ አምፖል ያለ መሸፈኛ መሐል ላይ ይብራ። ልጅቷ ብርቱካን እርሳስ ላይ ሰክታ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ከራሷ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትያዝና ፊቷን ወደ አምፖሉ አዙራ ትቁም። ብርቱካኑ ይጨልማል። በቆመችበት ቀስ እያለች ወደ ግራ ስትዞር በቀኝ በኩል ቀጭን ብርሃን ይወጣል፤ ከዚያ ግማሽ፤ ጀርባዋን ለአምፖሉ ስትሰጥ ሙሉ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ጨረቃ የምትጎድለው የመሬት ጥላ እያረፈባት ይመስላቸዋል። ልጅቷ ብርቱካኑን ዝቅ አድርጋ የራሷን ጥላ ስታሳርፍበት ያ የጨረቃ ግርዶሽ እንጂ የየወሩ መጉደል አለመሆኑን በዓይኗ ታያለች። በዚህ ሙከራ ላይ አራቱም ልጆች ይኑሩ፤ ወር ሙሉ ከሚደረገው ሁሉ የማይረሳቸው ይኸው ይሆናል።

ትልቁ ልጅ ሒሳቡን ይያዝ። ከአንድ አዲስ ጨረቃ እስከ ሌላው በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው። በ12 ይባዛ። 354 ቀን ከ8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይመጣል። ይህች የ8 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ትራፊ በሠላሳ ዓመት ምን ያህል ትሆናለች? 264 ሰዓት፤ ልክ አስራ አንድ ቀን። የጥንት ሊቃውንት በስሌት በሚሠራው የሂጅራ አቆጣጠር በየሠላሳ ዓመቱ ለአስራ አንድ ዓመታት አንዳንድ ቀን የጨመሩት ለዚህ ነው። መምህር ብዙ ሳያወራ ልጁ በራሱ እጅ ሠርቶ ቢደርስበት የሚሰማውን ደስታ መግለጽ አይቻልም። ቀጥሎ የኢትዮጵያውን ያስላ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ ሠላሳ፣ ጳጉሜ አምስት፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። ይህኛው ፀሐይን እንጂ ጨረቃን አይከተልም። ልዩነቱ በዓመት አስራ አንድ ቀን ገደማ ስለሆነ ረመዳን በክረምቱም በበጋውም እየዞረ ይመጣል፤ በ33 ዓመት ገደማ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይኸው ልጅ ዓመተ ሂጅራን ወደ ፈረንጆች ለመመለስ ይሞክር። በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር ነው። 1400 ዓመተ ሂጅራ 1980 ይሰጠዋል። ዓመቱ የተጀመረው በ1979 ኅዳር ላይ ስለነበር ግምቱ ጥሩ ነው፤ ግን ግምት ነው። አያቱ የተወለዱበትን ዓመት በሦስቱም አቆጣጠር አውጥቶ ለቤተሰቡ ያቅርብ።

ታሪኩ ለአራቱም በአንድ ላይ ይነገር። በኸሊፋ ዑመር ዘመን «ሻዕባን» የሚል ወር ብቻ የተጻፈበት ሰነድ ቀረበ፤ የትኛው ሻዕባን? ያለፈው ወይስ የሚመጣው? ተብሎ መወሰን እንዳልተቻለና ዓመት መቁጠር ያስፈለገው በዚህ ዓይነት ችግር እንደሆነ ይወሳል። ከሂጅራ በኋላ በ17ኛው ዓመት ገደማ ሰሓቦች ተማክረው ቆጠራው ነቢዩ /ሰ.ዐ.ወ/ ወደ መዲና ከተሰደዱበት ዓመት፣ ከ622 /እ.ኤ.አ./ እንዲጀምር ተስማሙ። ከዚህ በኋላ ልጆቹ ቤት ውስጥ ያሉትን አሮጌ ፎቶግራፎች አውጥተው ከጀርባቸው ዓመት ያልተጻፈባቸውን ይልቀሙ፤ ከአባትና ከእናት ጠይቀው ይጻፉባቸው። ታሪኩ ለምን እንደሚያስፈልግ የአምስት ዓመቱም ሳይቀር ይገባዋል። አንዱ ልጅ «የሐበሻው ሂጅራ ይቀድም የለም እንዴ? ለምን ከእሱ አልጀመሩም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ይቀድማል፤ በ615 /እ.ኤ.አ./ ገደማ ነው። ትልቁ ልጅ መልሱን ከመጻሕፍት ፈልጎ ይምጣ። ንባብ ለሚወድ ልጅ ደግሞ አል-ቢሩኒ በ1000 /እ.ኤ.አ./ ገደማ ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር አንድ ትልቅ መጽሐፍ መጻፉን ንገሩት፤ ሦስት አቆጣጠር ያደናገረው እሱ ብቻ አይደለም።

ጂኦግራፊው የሚመጣው ከስልክ ነው። በጥቅምት አጋማሽ ቨርጂኒያ ላይ ፀሐይ በእነርሱ ሰዓት በ6 ተኩል ገደማ ስትጠልቅ ደሴ ወይም ጅማ ያሉት አያት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ናቸው፤ ተኝተዋል። በማግሥቱ ይደወልና ይጠየቁ። ጨረቃዋ እንዴት ነበረች? እርሳቸው ዘንድ ሂላል ብዙውን ጊዜ እንደ ጀልባ ጋደም ብላ፣ ልጆቹ ዘንድ ደግሞ ዘንበል ብላ ነው የምትታየው። እርሳቸው ወደ ምድር ወገብ ስለሚቀርቡ ነው። ሌላም አለ። ጨረቃ በሰዓት የራሷን ስፋት ያህል ከፀሐይ ትርቃለች። ቨርጂኒያ ላይ መግሪብ የሚደርሰው ከአገር ቤቱ ሰባት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ስለሆነ አያት አጥተዋት ያመሿትን ሂላል ልጆቹ በዚያው ቀን ሊያዩዋት ይችላሉ። «አያቴ በሌላ ቀን ለምን ዒድ አደረገች?» ለሚለው ጥያቄ የሰማዩ ክፍል መልስ ይኸው ነው። የፊቅሁ ክፍል የዑለማዎች ነው፤ እናትም መምህርም እዚያ ላይ ባይዳኙ መልካም ነው።

ሁለት ነገር ላክል። አንደኛው ፋይል ነው። «ጨረቃ» የሚባል የትምህርት ዓይነት በሕግ የለም። ሜሪላንድ የምትጠይቀው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ልጅ ወረቀት በሳምንቱ መጨረሻ ቀን ተጽፎበት በየትምህርት ዓይነቱ ይለይ፤ የብርቱካኑ ሥዕል ሳይንስ ውስጥ፣ የኸሊፋ ዑመር ታሪክ ኅብረተሰብ ውስጥ። በዓመቱ መጨረሻ ክምር ወረቀት መሐል ተቀምጦ ማልቀስ እንዳይመጣ በየዓርቡ አሥራ አምስት ደቂቃ ይመደብለት። ጨረቃ የማትነካው ጤናና ስፖርት ለብቻው ይያዝ።

ሁለተኛው የትልቅ ልጅ ጉዳይ ነው፣ በተለይ ሴት ከሆነች። በባህላችን የበኩር ሴት ልጅ ሁለተኛ እናት ናት። ትምህርቱ እቤት ሲሆን ደግሞ ታናናሾቿን ስታስተምር፣ ስታጽፍ፣ አፍንጫ ስትጠርግ ትውላለች፤ የእሷ የሒሳብ መጽሐፍ ሳይገለጥ ይመሻል። ማስተማር መማር መሆኑ እውነት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለግማሽ ሰዓት የስምንት ዓመቱን ብታስተምር ትጠቀማለች። ከዚያ ካለፈ ትምህርቷን እየከፈለች ነው። በሰኞ ጧት ዕቅድ ላይ በመጀመሪያ የሷ ሰዓት ይጻፍ፤ የሌሎቹ በተረፈው ቦታ ይግባ።

ለማዘጋጀት ከወሩ በፊት አንድ ምሽት ይበቃል። በሰፈር ቤተ መጻሕፍት ካሉት አምስት መጽሐፍ ብቻ ይመረጥ፤ ሃያ ከመጣ የሚነበብ የለም። ባዶ ክብ የተሳለበት ሠላሳ ወረቀት፣ አንድ ገበታ ከሦስት ዓምድ ጋር፣ አምፖልና ብርቱካን። ቀጣዩ ወር ሲገባ ጥናት አይኑር፤ ጧት ሒሳብ፣ ንባብና ቁርኣን ብቻ። እናትም ታርፋለች።

እስከዚያው ለአስራ አራት ዓመቱ ልጅ አንድ እንቆቅልሽ እንተው። በ2030 /እ.ኤ.አ./ ረመዳን በአንድ የፈረንጆች ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ አንዴ በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ አንዴ በዲሴምበር መጨረሻ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን እነዚያው ሁለት ረመዳኖች አንዱ በታኅሣሥ 2022፣ ሌላው በታኅሣሥ 2023 ነው የሚገቡት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አይገናኙም። ለምን? በኢትዮጵያ አቆጣጠርስ ረመዳን በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ እንዲገባ የመጀመሪያው ከየትኛው ወር ላይ መጀመር አለበት? መልሱን በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እናወጣለን።